ከብልቃጡ የወጣው ጥጥ

ከላዱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የአልጋ አጎበር ማጠብ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። አጎበሩን በትልቁ ሳፋ ዘፍዝፌው አድሬ ስነሳ፣ ባሌ ቀድሞኝ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ሲያሸው አገኘሁት። «ቀስ በል አንተ ሰውዬ፣ ትበሳዋለህ» አልኩት። «የተበሳውን ነው የማሸው። ትንኟ በየት እንደምትገባ ከኔ በላይ ማን ያውቃል» አለኝ። ከለቀለቅነው በኋላ እሱ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን፣ እሱ ወደ ግራ እኔ ወደ ቀኝ ጠመዘዝነው። ውሃው በመካከላችን አቧራው ላይ ተንጠፈጠፈ። እንደ ልማዱ ድንገት ወደ ራሱ ሳብ ሲያደርገው እኔም ከነአጎበሩ ተንደርድሬ ሄድኩለት። ሳቀ። ስልሳን የተጠጋ ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ መተው ነበረበት፤ አልተወም። አጎበሩን ገመድ ላይ አሰጣነው። ሰኞ ዕለት ራሴን ከበደኝ ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ ወዲያው ምላሱ ተሳሰረ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ቀበርነው።

አርባው ካለፈ ቆይቷል። ይህን የምጽፈው በስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥቂት መስመር እጽፍና እነሳለሁ። ግቢውን እጠርጋለሁ፣ የጠረግኩትን ደግሜ እጠርጋለሁ፣ ጀሪካኖቹን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዛውራለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ያቆምኩበት ቃል ይጠፋኛል። አጎበሩን ከገመድ አውርጄ አጥፌ ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ። አልጋው ላይ መልሼ ለመስቀል ሌላውን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል፣ ማንንም ደግሞ መጥራት አልፈለግኩም። ጎረቤቶቼ «ማማ ሂሩት፣ አረፍ በይ እንጂ» ይሉኛል። ማረፍ ቀላል ይመስላቸዋል። ባለፈው ሳምንት እጄ ሥራ እንዳይፈታብኝ ብዬ ትራስ ልሰፋ ጥጥ ገዛሁ። ከከረጢቱ አንድ እፍኝ አውጥቼ ሳፍታታ ጣቶቼ ቆሙ፤ ጥጥ በጣቶቼ መካከል ሲለሰልስ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ላዱን ያወቅኩት አዲስ አበባ፣ ቫይረሱ በደማችን ያለ ሰዎች ባቋቋምነው ማኅበር ውስጥ ነው። የረጃፍ ልጅ ነው፤ ከጁባ ወደ ደቡብ፣ ወንዙን ይዞ ከሚሄደው ገጠር። በጉርምስናው ጦርነት አባርሮት በእግሩ ድንበር ተሻገረ፣ መጠለያ ጣቢያ አደገ፣ ኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ሹፌር ሆነ። አማርኛው ከእኔ ይልቅ የአራዳ ነበር። እኔ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፣ እሱ በየፋብሪካውና በየትምህርት ቤቱ እየዞረ በድምፅ ማጉያ ያስተምራል። «ላዱ እባላለሁ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ። መድኃኒቴን በሰዓቱ እውጣለሁ። እዩኝ፣ የጫማዬን ክር ዛሬም ራሴ ነኝ ያሰርኩት» ይል ነበር። ተማሪው ሁሉ ጫማውን ያያል። ጫማው ሁልጊዜ ይብለጨለጭ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክኒን አንድ ቀን መውጣት አንድ ቀን መተው ለሌባ በር ከፍቶ እንደመተኛት መሆኑን ይነግራቸዋል። ያገባሁት በዚያ ድፍረቱ ነው ብል አላጋንንም። ልጅ አልወለድንም፤ ያኔ አይቻልም የሚሉን ብዙ ነበሩ፣ አመንናቸው።

ሰላም ወረደ ተብሎ የተበተነው ሁሉ ወደ ጁባ ሲጎርፍ እኛም ሄድን። ከአውሮፕላን ስንወርድ ላዱ መርካቶ የገዛውን ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሶ ነበር፤ በዚያ ሙቀት። ያኔ ተመላሹ ከየት እንደመጣ በልብሱ ይታወቅ ነበር። የካርቱሙ ነጭ ጀለቢያ፣ የናይሮቢው ጂንስና አፍንጫው የሾለ ጫማ፣ የኢትዮጵያው ደግሞ የቆዳ ጃኬት። ሴቶቹ ላዋ የሚባለውን ባለአበባ ጨርቅ በአንድ ትከሻቸው ቋጥረው አቧራው ውስጥ ሲሄዱ የሆነ የአትክልት ቦታ ተነቅሎ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። አስፋልት እምብዛም የለም። ሆቴል ማለት ወንዙ ዳር የተተከለ ድንኳን ነው፤ የአንድ ሌሊት ኪራዩ ግን አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ያሳድር ነበር። ቲማቲም ከኡጋንዳ በጭነት መኪና ይመጣና በትንሽ በትንሽ ተቆልሎ ይሸጣል፤ በአንዱ ቁልል ዋጋ አዲስ አበባ አንድ ቅርጫት ይገዛ ነበር። ውሃ በቦቴ ይመጣል። ቢሮ የሚባለው ሁሉ የብረት ኮንቴይነር ነበርና ለመስኮቶቹ መጋረጃ የሚሰፋ ሰው ይፈለግ ነበር፤ እኔ ያንን ሥራ ያዝኩ። ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። በረንዳው ላይ ሲንጀሬን አቆምኩ። ከፊት ለፊቱ ሱቅ ከማለዳ ጀምሮ የኮንጎ ጊታር ይንቆረቆራል፣ የስፌት መኪናዬም ሳላውቀው ከጊታሩ ጋር ይሄድ ነበር።

ላዱ በአንድ የዕርዳታ ድርጅት ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ። የግድግዳ ሰዓታችንን ግን አልቀየርነውም፤ እንደ አገሬ ይቆጥር ነበር። እንግዳ መጥቶ ሲያየው «ሰዓታችሁ ተበላሽቷል» ይለናል። ላዱ «አልተበላሸም፤ ክኒኑ የለመደው በአማርኛ ሰዓት ስለሆነ እንዳይደናገርብን ነው» ይላል፤ ይህን የሚለው ግን በአማርኛ ለእኔ ነው። ለእንግዳው «አዎ፣ ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳል። መጀመሪያ ያልገባኝ ይህ ነበር። ያ በድምፅ ማጉያ የሚናገር ሰው ጁባ ከገባ በኋላ ቃሉን ዋጠው።

መጀመሪያ ረጃፍ የሄድን ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ለምርቃት ውሃ ረጨብን፣ ፍየል ታረደ፣ አዛውንቶቹ በየተራ ጭንቅላቱን ዳሰሱት። አባቱና እናቱ ሞተዋል፤ የቀረችው ታናሽ እህቱ ፖኒ ብቻ ናት፤ እሷም ባሏ የሞተባት። ከምግብ በኋላ ከጃኬቱ ኪስ ብልቃጡን አውጥቶ ክኒኑን ሲውጥ አጎቱ «ምንድን ነው የምትውጠው» አሉት። ላዱ ብልቃጡን ወደ ኪሱ መለሰ። «የደም ግፊት ነው» አላቸው። «የኢትዮጵያ ተራራ ከፍ ያለ ስለሆነ ደም ወደ ላይ ይወጣል።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተራራ እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ተቀበሉት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ወንዙ ዞርኩ። ስንመለስ ግን አልሳቅኩም።

«ለምን ዋሸህ?» አልኩት።

«እዚያ የሰው አገር ነው ሂሩ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ማን ያውቃል? የፈለግኩትን እናገራለሁ። እዚህ የአባቴ ስም አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብልቃጣችን ውስጥ ጥጥ መጠቅጠቅ ጀመርን። የፕላስቲክ ብልቃጥ ኪስ ውስጥ ሲሆን ክኒኑ ይንኳኳል። ያን ድምፅ ከሰማችሁ አትረሱትም፣ ያኔ ጁባ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ደግሞ እየበዛ ነበር። ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ስትቀመጡ፣ ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ቦርሳችሁ ይናገርባችኋል። እኔ ለራሴም ለእሱም ከትራስ ጥጥ እየነጨሁ አፉ ድረስ እሞላዋለሁ፤ ክኒን ስናወጣ ጥጡን እናወጣለን፣ መልሰን እንጠቀጥቃለን። ስንቶቹ ሴቶች እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ፣ ከማንጎው ሥር ስንቀመጥ ነው።

ማንጎው የጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የነበረ ትልቅ ዛፍ ነው። ሌላው ሕመምተኛ በረንዳ ላይ ተራውን ይጠብቃል። የእኛ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ኋላ የተጨመረ ስለሆነ በረንዳ አልነበረውም፤ የምንጠብቀው ከዛፉ ሥር ነው። ዛፉ ደግሞ ከመንገድ ይታያል። ያ ክፍል ከመከፈቱ በፊት መድኃኒት ከካምፓላ ወይም ከአዲስ አበባ ካላመጣህ የለህም። ሲከፈት ትልቅ ነገር ነበር፣ ሰው ከጀበል ኩጁር ተራራ ሥር በእግሩ ይመጣ ነበር፣ ነገር ግን ከተማው ወዲያው አንድ አነጋገር አወጣ። «እገሊትን ከማንጎው ሥር አየኋት» ከተባለ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። ላዱ ከዛፉ ሥር አይቀመጥም ነበር። የሁለታችንንም የምወስደው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ሀበሺያ ነኝ፣ ስለ እኔ ማን ምን ቢል ረጃፍ አይደርስም።

አንድ ቀን ለፖኒ ስኳርና ሳሙና ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ፖኒ ከወንዙ ዳር ባላት ቁራጭ መሬት ባሚያ ትተክላለች፣ ዓሣ አድርቃ ትሸጣለች። ከመጣን ጊዜ ጀምሮ ስትቀጥን አይቻታለሁ። ላዋዋ ከትከሻዋ ሲንሸራተት ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ባለጭራ ጠባሳ አይቻለሁ፤ የማኅበራችን ሰው ሁሉ ያን ጠባሳ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ፊቷ ወዝ ነበረው። «ለወንድሜ ንገሪው፣ የኃይል መድኃኒቱ እያለቀብኝ ነው» አለችኝ። ከባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ የጨርቅ ቋጠሮ አውጥታ ፈታችው። የእኛው ክኒን ነው። ቀለሙም፣ በላዩ የተቀረጸው ፊደልም። «ዳዋ ኩዌስ» አለች፣ ጥሩ መድኃኒት ነው ማለቷ ነው። «ኢትዮጵያ ውስጥ ለደከመው ሁሉ ይሰጣሉ ብሎኛል።»

ምን ብዬ እንደተሰናበትኳት አላስታውስም። ላዱ ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

«የማታውን ክኒን መኪና ውስጥ እውጣለሁ ስትለኝ ለፖኒ ነው የምታስቀምጠው?»

መካድ አልሞከረም። ቁልፉን የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠ። «እህቴን እያት ሂሩ። እኔ ስመጣ መነሳት አቅቷት ነበር። አሁን ውሃ ትቀዳለች።»

«ታዲያ ለምን ወደ ማንጎው አትወስዳትም?»

«አትመጣም። እኔስ ምን ብዬ ላምጣት?»

«ስንቱን ሰው ያስተማርከው አንተ አይደለህም? በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው ስትል የነበርከው አንተ አይደለህም? አንተም ግማሽ፣ እሷም ግማሽ። ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ሁለታችሁም ታልቃላችሁ።»

«በእኛ ቤት ሰው ብቻውን አይበላም» አለ። «እህቴ ፊት ለፊቴ እየከሰመች እኔ አፌን ከፍቼ ልዋጥ?»

«ይሄ ምግብ ነው እንዴ ላዱ?»

«እኔን ያቆመኝ ምንድን ነው ታዲያ?»

ይህን ሲለኝ ክርክሩን ትቼ እራት አቀረብኩ። ትክክል ስለነበር አይደለም። ግን ያደገበትን ቤት አውቀዋለሁ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚቀርብ ሳህን አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ሳልነግረው ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩና ክፍሉን ለምትመራው ነርስ፣ ከኡጋንዳ ለመጣችው ለሲስተር ግሬስ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «የመጀመሪያዎቹ አይደሉም» አለች። «እዚህ አገር ባል ለሚስቱ ያካፍላል፣ እናት ለልጇ ታካፍላለች። ሁሉም ደግነት መስሎት ነው።» ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ። የመጣው መድኃኒት ለጀመሩት ብቻ እንጂ ለአዲስ ሰው አይበቃም፣ ጭነቱ ከኬንያ መንገድ ላይ ነው፣ ሲደርስ ለፖኒ ቦታ ትይዝላታለች። «ግን ሳታውቅ የምትውጥ ሰው አልፈልግም። ምን እንዳለባትና ምን እንደምትውጥ አውቃ ትምጣ። ወንድሟ ይንገራት። ላዱ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የራሱን ብቻ ይዋጥ።»

ላዱ ተቆጣኝ፣ ከዚያ ተስማማ። ለፖኒ መስጠቱን አቆመ፤ ሳሏ ተመለሰ። እያንዳንዱ እሑድ ሊነግራት ይሄዳል፣ ሳይነግራት ይመጣል። «ቡክራ» ይላል። ነገ ማለት ነው፤ በጁባ ግን ነገ ሰፊ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት መጋረጃዬን ጥዬ ወደ ሲስተር ግሬስ መስኮት እሄዳለሁ፣ ከሩቅ ስታየኝ እጇን ታወዛውዛለች፦ «ዳዋ ማፊ።» የለም። መንገዱ ተበላሽቷል፣ ዝናቡ ድልድይ ወስዷል፣ ድንበር ላይ ወረቀት ጎድሏል ይባላል። በዚያ ሰሞን የሰፋኋቸው መጋረጃዎች ሁሉ ጠማማ ነበሩ። አሁን ማረፍ ሲያቅተኝ ያን ጊዜ አስባለሁ፤ ያኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ግን ያኔ የምሄድበት መስኮት ነበረኝ።

ጭነቱ የደረሰ ቀን ሲስተር ግሬስ ራሷ ስልክ ደወለች። «ዛሬ አምጧት። ነገ ሰው ይሞላል።» ላዱ የቢሮ መኪና መውሰድ ስለማይችል ጭቃውን በቦዳቦዳ አቋርጦ ሄደ። እኔ ከማንጎው ሥር ቦታ ይዤ ጠበቅኩ። ብዙ ሴቶች ነበሩ፣ ጥቂት ወንዶችም፣ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ድረስ የደፉ። ቆይተው ሦስት ሆነው በአንድ ሞተር መጡ፤ ሹፌሩ፣ ፖኒ በመካከል፣ ከኋላ ላዱ፣ ጥቁሩ ጃኬት በጭቃ ተለውሶ። ፊቱን እንዳየሁ እንዳልነገራት አወቅኩ። ለሳሏ መርፌ ትወጊያለሽ ብሎ ነው ያመጣት።

ፖኒ ከሞተሩ ወርዳ ዛፉን አየች፣ ከሥሩ የተቀመጡትን አየች። የረጃፍ ሰውም ቢሆን ስለ ማንጎው ሰምቷል። ላዋዋን በትከሻዋ ላይ አጠበቀች።

«ለምን እዚህ አመጣኸኝ?» አለችው በጁባ አረብኛ። ጮክ አላለችም። «ጎረቤት እንዲስቅብኝ ነው? እኔ ሳል ነው ያለብኝ። መልሰኝ።»

ዞራ መሄድ ጀመረች። ላዱ አልተከተላትም። ወደ ዛፉ መጥቶ፣ ያ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ የማያውቀው ሰውዬ፣ ከጎኔ ሥሩ ላይ ተቀመጠ። ከጃኬቱ ብልቃጡን አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ጥጡን በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ መሬት ላይ ጣለው። መልሶ ከደነውና አንኳኳው። ከዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ዞሮ አየ። የተቀመጡት ሁሉ ያን ድምፅ ያውቁታል። ፖኒም ቆመች።

«ይሄ የደም ግፊት አይደለም» አላት። «የኃይልም አይደለም። ለአንቺ ስሰጥሽ የነበረው ይሄው ነው። እዚህ የተቀመጡት ሁሉ የሚውጡት ይሄንኑ ነው።»

ፖኒ ወደ ብልቃጡ ጠቆመች። «ኢታ ካማን?» አለችው። አንተም?

«አና ካማን» አላት። እኔም። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ፣ «እሷም።»

ኮፍያውን ከደፋው ሰውዬ ቀጥላ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ጥጡን ከመሬት አነሳች፣ አራገፈችውና ለላዱ ዘረጋችለት። «ልጄ፣ ጥጥህ ወደቀ። ስትመለስ በመንገድ ትፈልገዋለህ» አለችው። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ያ ሳቅ ክፉ አልነበረም። «አልፈልገውም ማማ፣ ውሰጂው» አላት። አሮጊቷ እውነትም ወሰደችው፣ የራሷ ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው። ፖኒ ያን ስታይ መጥታ በወንድሟና በእኔ መካከል ተጣብቃ ተቀመጠች። አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «እንግዲያው ያ የኢትዮጵያ ተራራ ውሸት ነው?» ላዱ «ተራራው እንኳ እውነት ነው» አላት።

ፖኒ ያን ቀን ተመረመረች፣ ጥቂት ቆይታ መድኃኒቱን ጀመረች፣ አገገመች። ዋጋውን የከፈለው ላዱ ነው። በሚቀጥለው ዝናብ ጃኬቱ ትከሻው ላይ ይሰፋው ጀመር፣ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ። ሲስተር ግሬስ እንደፈራችው ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶታል። ያን የሚያረጋግጥ ምርመራ ጁባ ውስጥ አልነበረም፣ ደሙ ወደ ውጭ ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ወራት ሄደ። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው መድኃኒትም ለጥቂት ሰው ብቻ በትዕዛዝ ነው የሚመጣው። እንደገና መስኮት፣ እንደገና ማፊ። ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋለሁ፣ ቀኑን ቆሜ። አንድ ጊዜ የራሴን ክኒን አይቼ «ላካፍልህ ይሆን?» ብዬ ቀለድኩበት። ፈገግ ብሎ «አንቺም የኛ ቤት ሰው ሆንሽ» አለኝ። መድኃኒቱ ሲመጣ ፍሬዎቹ ትልልቅ ነበሩ፣ ሆዱን ያውኩት ነበር፣ ግን ቀስ በቀስ መለሱት። ያ ከተማው ሁሉ አገራችን ነፃ ወጣች ብሎ መንገድ ላይ ወጥቶ የጨፈረበት፣ ባንዲራ በየቦዳቦዳው የተውለበለበበት ክረምት ሲደርስ ላዱ በሃይ ማላካል መንገድ ከልጆች ጋር ዘለለ። ጃኬቱ ልኩ ሆኖለት ነበር። ሰው ስለ አገር ያለቅሳል፤ እኔ ስለ ጃኬቱ ትከሻ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን ገደማ ረጃፍ ያለችው ትንሽዬ ጤና ኬላም መድኃኒቱን መስጠት ጀመረች። አንድ ሣጥን በየወሩ በዚያው በጭቃው መንገድ ይወርዳል። እንዲያ ሲሆን ያየሁት ለውጥ ቀላል ነው፦ ሰው በእግሩ መጥቶ፣ ተቀብሎ፣ ባሚያው ሳይጠወልግ ይመለሳል። ማንም ከክኒኑ ለወንድሙ አይቆርስም፣ ወንድሙም የራሱ አለውና። ፖኒ እዚያ አዲስ ለሚጀምሩት የምትነግር ሆነች። አጀማመሯ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወንድሜ የደም ግፊት አለብኝ ብሎ ዋሽቶኝ ነበር» ትላለች፣ ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ስለ ግማሽ ክኒን ትነግራቸዋለች፣ አይስቁም።

ከዚያ በኋላ ጥይት የጮኸባቸው ዓመታት መጡ፣ ሌላ ሰው ይጽፋቸዋል። መስኮቱ የተዘጋበት ጊዜ ነበር፣ ተመልሶም ተከፈተ። ላዱ ሸበተ። ወፈር አለ። ጨው ቀንስ ሲሉት «እኔ ከምን ያመለጥኩ ሰው ነኝ፣ ጨው ይገድለኛል?» ይል ነበር። ሲስተር ግሬስ አገሯ ከተመለሰች ቆይታለች። ማንጎውን ለግንባታ ቆረጡት።

ቀብሩ ላይ ከድንኳኑ ዳር ሹክሹክታ ሰማሁ። «ያው እሱ ነው የገደለው» ይላሉ፣ የትኛው እሱ እንደሆነ ማብራራት አያስፈልጋቸውም። ሐኪሙ የነገረኝን፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ፣ ግፊቱ እንዴት ከፍ ብሎ እንደነበረ፣ ሳልናገር ይዤው ተቀመጥኩ። ፖኒ ተነሳች። አሁን እሷም ሸብታለች፣ ላዋዋን በአንድ ትከሻ ቋጥራለች። «ወንድሜን የገደለው የደም ግፊት ነው» አለች። «ያኔ ለአጎታችን ሲናገር ውሸቱን ነበር። ኖሮ ኖሮ እውነት አደረገው። ሽበት ያወጣ ሰው የሚሞተውን ሞት ነው የሞተው።» ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ ሳቁ፣ ከዚያም አለቀሱ።

ያን ቃሏን ይዤ ልረጋ ሞከርኩ፣ ገና አልረጋሁም። የግድግዳው ሰዓት አሁንም እንደ አገሬ ይቆጥራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ብርጭቆ ውሃ እቀዳለሁ፣ እጄ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሊያነሳ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። መድኃኒቴን እውጣለሁ። ብልቃጤ ውስጥ ጥጥ የለም። ኬላዋ መድኃኒት በምትሰጥበት ቀን ቦዳቦዳ ይዤ ረጃፍ እወርዳለሁ፣ ከፖኒ አጠገብ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፣ አዲስ ለመጣው ሰው ቦታ እለቅቃለሁ።